የጀሞ ታክሲ ተራ ሲነሳ ማን መጠየቅ ነበረበት?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። የምኖረው ጀሞ። ማታ የምንሰለፍበት ተራ ከነበረበት ተነስቶ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደ። አሁን ለመሳፈር ሁለት ጊዜ አስፋልት መሻገር ግድ ነው። እኔ እግሬ ጤነኛ ነው፤ እያጉረመረምኩ እደርሳለሁ። አብረውን የሚሰለፉ በክራንች የሚሄዱ አንድ አባት ግን አሉ። ልጅ አዝለው፣ በሁለት እጃቸው ፌስታል አንጠልጥለው የሚመጡ እናቶች አሉ። ለእነሱ ቀልድ አይደለም።

ሕዝብ ተወያይቶበት ነበር ወይ ብዬ አጠያየቅሁ። አዎ፣ ስብሰባ ነበር። የአካባቢው ነዋሪ ተጠርቷል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ፊርማም አለ። ነዋሪው ደስ ብሎት ተስማምቷል። ለምን አይስማማ? የወያላው ጩኸትና የታክሲው ጥሩምባ ከደጁ ተነሳለት። እኔም እሱ ብሆን እጄን አወጣ ነበር።

ያልተጠራነው እኛ ተሰላፊዎቹ ነን። ከእኛ ውስጥ ሜክሲኮ የሚኖር የለም ማለት ይቻላል። ሰዉ የጀሞ፣ የለቡ፣ የሀይሌ ጋርመንት ነው። ከዚያም አልፎ የሚወርድ አለ። ወረዳ ሰው የሚጠራው በቤት ቁጥር ነው። የሚሳፈር ሰው ደግሞ ቤቱ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው የሚሳፈረው። ስለዚህ ስለ ትራንስፖርት በተጠየቀ ቁጥር ትራንስፖርቱን የማይጠቀመው ሰው ይጠየቃል። ከመሀል ከተማ ብዙ ሰው ወደ ዳር በወጣበት በዚህ ጊዜ ነገሩ ብሷል። ቤቱ ወጣ እንጂ ሥራው፣ እድሩ፣ የልጁ ትምህርት ቤት መሀል ነው የቀረው።

እንግዲህ ንገሩኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲታቀድ ማን ይጠየቅ? የት? በምን መንገድ?

መልሶቹ

የመጡት መልሶች ብዙ ናቸው። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው በተራ ቁጥራቸው እያሳጠርኩ አቀርባለሁ። ጣልቃ ስገባ እኔ እንደሆንኩ ታውቁታላችሁ።

1. የመጀመሪያው መላሽ በደንብ ተናግረሃል ብሎ አመሰገነና ሄደ። እግዜር ይስጠው።

2. ሁለተኛው የሕግ ባለሙያ ነው። በትህትና ጀመረና ሁለት ነገር ደባልቀሃል አለኝ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ለሕዝብ ቀርቦ እንዲሰማበት ይላል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለማስለቀቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ባለይዞታው ይዞታውን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ፕሮጀክቱ ምንነትና ጥቅም እንዲመከርበት ደንግጎ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ተደርጎለታል። ዋናው ነጥቡ ግን ሌላ ነው። የታክሲ ተራ ማዛወር ፕላን ማውጣትም መሬት ማስለቀቅም ስላልሆነ የስምሪት ውሳኔ ተብሎ ይታለፋል። ሕጉ ነዋሪን ያውቃል፣ ባለይዞታን ያውቃል። ተሳፋሪ የሚባል ሰው ግን በሕጉ ዓይን የለም። በዚህ ክር፣ ማለትም በዚህ የመድረክ ውይይት ውስጥ፣ ከሁሉ በጣም የጠቀመኝ መልስ ይኼ ነው።

3. ሦስተኛዋ ከሁለተኛው ቃል ተነስታ፣ ባለይዞታ ያልሆነው ሰውስ ብላ ጠየቀች። እናቷ መሀል ከተማ በአንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ ደባል ነበሩ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ስብሰባ የተጠራው የኪራይ ውል በስሙ ያለው ሰው ነው። እናቷ ወሬውን የሰሙት ከጎረቤት ነው። ምትክ ቤትም አልደረሳቸውም። አሁን ገላን በኩል ተከራይተዋል። እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች ያስረክቡ ነበር፤ ደንበኞቻቸው ግን እዚያው መሀል ከተማ ናቸው። ስለዚህ በየጠዋቱ እንጀራው ታክሲ ይሳፈራል። ወያላው ለሰውዬዋ አንድ፣ ለእንጀራው አንድ ሂሳብ ይቀበላል። መኪናው ከሞላ ደግሞ እንጀራ የያዘ ሰው የሚጭን የለም። ልጅቷ ምሬት የላትም፤ ዝርዝሩን ብቻ አስቀመጠች። እናቷን የትራንስፖርት ስብሰባ ላይ ማን ይጠራቸዋል ነው የምትለው። ከየትኛው ወረዳ?

4. አራተኛው ሰው ጠንከር አለ። ስብሰባ ምን ያደርጋል ባይ ነው። እሱ እንደሚለው ስብሰባው በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጠራል። በዚያ ሰዓት ሥራ ያለው ሰው ሥራ ላይ ነው። የሚመጡት ሁሌም የማይጠፉት ሰዎች ናቸው፤ ውኃቸውን ይጠጣሉ፣ አበል ካለ ይቀበላሉ፣ እጅ አውጡ ሲባሉ ያወጣሉ። ሐሳቡ ስድብ ቢቀነስለት ኖሮ የበለጠ ይሰማ ነበር።

5. አምስተኛዋ መልሱን ለአራተኛው ነው የጻፈችው። ድሮ ወረዳ ሠርታለች። የማይጠፉት ሰዎች የተባለው እውነት መሆኑን አልካደችም፤ ምክንያቱን ነው ያስረዳችው። ደብዳቤው ከላይ የሚመጣው ሐሙስ ነው። ሪፖርቱ የሚፈለገው ሰኞ። ሪፖርቱ የሚጠይቀው ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ወጣት ተገኘ የሚለውን ነው። ምን ተባለ፣ ከተባለው ምን ተቀየረ የሚል መጠይቅ ቅጹ ላይ የለም። ስለዚህ ባለሙያው ስልክ ደውሎ የሚመጡለትን ይጠራል። ሌላ ምን ያድርግ? የሰው ክፋት አይደለም፤ ቅጹ ነው ትላለች። አራተኛው ሰው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

6. ስድስተኛው ወደ ቀላል ባቡሩ ወሰደን። በ2008 መስከረም ሥራ የጀመረው ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ፣ ከወጪው 85 በመቶው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር የተሸፈነ፣ ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ 39 ጣቢያ ያለው ነው። ሲጀምር ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለደሀው ጥሩ ሆነ፤ ይህን ማንም አይክድም። ቅሬታው ሌላ ነው። ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ሰፈሮች አጥሩ ግራና ቀኙን ለያይቶታል። ትናንት ፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ ሁለት እርምጃ የነበረው ሰው ዛሬ መሻገሪያ ፍለጋ ይሄዳል። ጣቢያውና የታክሲው ተራም አይተዋወቁም፤ ከአንዱ ወርዶ ሌላውን መፈለግ ነው። ሕዝቡ በዚያ ጊዜ የተሟገተው ስለ ምኒልክና ስለ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልቶች መነሳት ነው። ስለ መሻገሪያ የተሟገተ አላስታውስም አለ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ፈለግሁ። ሐውልቱ ሁሉንም ሰው ይመለከታል፤ ካናዳም ያለው ይጮኽለታል፣ መጮኹም ተገቢ ነው። መሻገሪያው የሚመለከተው የአንድ ሰፈር አሮጊት ነው። የእሳቸው ጉዳይ ሬዲዮ ላይ አይወጣም። ስለ ትልቅ ፕሮጀክት ስንከራከር ትልቁን ትልቁን እያልን ትንሹ ይዘለናል። ሰው ደግሞ የሚሰናከለው በትንሹ ነው።

7. ሰባተኛው እርማት ይዞ መጣ። የምኒልክ ሐውልት አልተነሳም። ባቡሩ በአደባባዩ ሥር በዋሻ ነው ያለፈው። የተነሳው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ብቻ ነው፤ በ2005 ተነስቶ በ2008 ወደ ቦታው ተመልሷል። ስድስተኛው አመሰገነ። እንዲህ ዓይነት ጨዋነት በዚህ መድረክ ብርቅ ነው።

8. ስምንተኛዋ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 እንዳጸደቀች፣ የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆን እንደሚያዝ አስታወሰች። ከዚያ አንድ የመንገድ ፕሮጀክት ውይይት ላይ ተጋብዛ እንደነበር ጻፈች። አዳራሹ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍት የለም። ሁለት ወጣቶች ተሸክመው እናውጣሽ አሏት፤ እምቢ ብላ ተመለሰች። ብትገባ ምን ትል እንደነበርም ዘርዝራለች። የመወጣጫው ተዳፋት ከመጠን በላይ ቀጥ ያለ መሆኑን። ለዓይነ ስውራን የተነጠፈው ቢጫ ንጣፍ አንዳንድ ቦታ ምሰሶ ላይ የሚያልቅ መሆኑን። ዝናብ ሲመጣ የእግረኛው መንገድ ጫፍ ውኃ ስለሚይዝ ጥልቀቱን በወንበር ማወቅ እንደማይቻል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ መሐንዲስ ካለ አሳዩኝ ትላለች። የስብሰባ ጥሪ ላይ አዳራሹ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ይጻፍ የሚል አንድ ጥያቄም አላት። ቀላል ነገር ነው። ገንዘብ አይጠይቅም።

9. ዘጠነኛው የሚኒባስ ባለቤት ነው። ሆድ ብሶታል። ተሳፋሪ አልተጠየቀም ትላላችሁ፤ እኛስ ማን ጠየቀን አለ። ታፔላው በአንድ ቀን ይቀየራል፤ የተሰጠው መስመር ለጎማና ለነዳጅ አያዋጣም፤ ሾፌሩና ረዳቱ የዕለት ገቢ ሳይሞሉ ይገባሉ። ከዊንጌት ጀሞ የታሰበው የፈጣን አውቶቡስ መስመር ሥራ ሲጀምር በዚያ መንገድ ላይ የሚሠራው ሚኒባስ ምን እንደሚሆን የነገረው የለም። ከዚያ የጆሃንስበርግን ምሳሌ አመጣ። ሬያ ቫያ የሚባለው ፈጣን አውቶቡስ በ2009 እንደ ፈረንጆቹ ሲጀመር የሚኒባስ ባለንብረቶቹ ተቃውመው ነበር። ረጅም ድርድር ተደረገ። መጨረሻ ላይ በመስመሩ ይሠሩ የነበሩት ባለታክሲዎች አውቶቡሱን የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ባለ አክሲዮን ሆኑ። ለእኛም እንዲህ ያለ ወንበር ይሰጠን ነው የሚለው። እኔ እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ።

10. አሥረኛዋ ከእሱ ጋር አይደለችም። ማታ ሜክሲኮ ላይ ቆማ ታውቃለች። መብት የሚጠይቀው ባለታክሲ ሲመሽ መንገድ እያቆራረጠ የሚጭነው ራሱ ነው አለች። ጀሞ ተብሎ ተሳፍሮ መንገድ ላይ መውረድ፣ እንደገና መሰለፍ፣ እንደገና መክፈል። ሴት ልጅ በዚያ ሰዓት መብራት በሌለበት ቦታ ወርዳ ሌላ ታክሲ ስትጠብቅ ምን እንደሚደርስባት ባለንብረቱ ገብቶት ያውቃል ወይ ብላለች። ጥያቄው ከባድ ነው። መልስም ይገባዋል።

11. የተሰጠው ግን መልስ አይደለም፤ ስድብ ነው። አልደግመውም።

12. የመድረኩ አስተናጋጅ 11ን አጥፍቶ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ። ዘጠነኛው ሰውም ገብቶ ማቆራረጥ ነውር መሆኑን አመነ፤ የስድቡ ሰው ወገኔ አይደለም አለ።

13. አሥራ ሦስተኛው ሎስ አንጀለስ ይኖራል። እዚያ አገር ከተሞችና አጎራባች ወረዳዎች በአንድ ላይ የሚያቅዱበት የጋራ አካል አላቸው፤ ሕዝቡን እንዴት እንደሚያሳትፉ አስቀድመው በጽሑፍ ማውጣት ግዴታቸው ነው። የ1964ቱ (እዚህ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የዜጎች መብት ሕግ ምዕራፍ 6 ደግሞ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ተቋም በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር እንዳያዳላ ይከለክላል። በዚህ ሕግ ላይ ተመርኩዘው የከተማው የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ኅብረት አባላት በ1994 የትራንስፖርት ባለሥልጣኑን ከሰሱ። ክርክሩ ገንዘቡ ለባቡር እየሄደ ደሀውና ጥቁሩ፣ ላቲኖው የሚሳፈርበት አውቶቡስ ተጨናንቆ ቀረ የሚል ነበር። በ1996 በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ ባለሥልጣኑ የአውቶቡሱን መጨናነቅ ሊቀንስና ታሪፉን ሊይዝ ግዴታ ገባ።

14. አሥራ አራተኛው ይህ አሜሪካ ነው ወንድሜ፣ እዚህ ማንን ነው የምንከሰው ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ብዙ ላይክ አገኘ።

15. አሥራ አምስተኛዋ ቀልዱን ትታ ቁም ነገሩን አወጣች። ከሎስ አንጀለሱ ታሪክ የሚጠቅመን ፍርድ ቤቱ አይደለም ትላለች። ኅብረቱ አባላቱን ያገኘው አውቶቡስ ውስጥ እየተሳፈረ፣ ከተሳፋሪው ጎን ቆሞ እያነጋገረ ነው። ሰዎቹን አዳራሽ አልጠራቸውም። እኛ ደግሞ ከአውቶቡስ የበለጠ ነገር አለን፤ ሰልፍ አለን። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ስታዲየም፣ ፒያሳ ሰዉ ተደርድሮ ቆሞ ይገኛል። ከእሱ የተሻለ ተሰብሳቢ ከየት ይመጣል?

16. አሥራ ስድስተኛው ሰው ሲገባ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። የሚኖረው ሰበታ ነው። ስታዲየም አካባቢ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል። ንግግሩ ይቆጠቁጣል። ስለ ፍትሐዊ ውይይት ስታወሩ እስካሁን አንድ ሰው ድንበሩን አላነሳም አለ። ካርታችሁ የሚያልቀው የከተማው ወሰን ላይ ነው፤ እኔ ግን በየቀኑ እሻገረዋለሁ። ማስታወቂያው በአማርኛ ብቻ ነው፤ አብረውኝ ከሚሳፈሩት ውስጥ በኦሮምኛ ካልሆነ የማይገባቸው አሉ። ወደኋላም ሄደ። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን በአንድ ላይ የሚያቅደው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ሲወጣ ገበሬው ምን ተጠየቀ? ተቃውሞ ተነሳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ በጥር 2008 ፕላኑ ተሰረዘ። ሳይጠይቁ ማቀድ ምን እንደሚያስከፍል ከዚያ ያልተማረ ከምን ይማራል ባይ ነው።

17. አሥራ ሰባተኛው በቁጣ መለሰ። በ2015 የራሳችሁ የሸገር ከተማ ተቋቁሟል፤ የአዲስ አበባ መንገድ በአዲስ አበባ ግብር ይሠራል፤ ጉዳዩን ለእኛ ተዉልን አለ።

18. አሥራ ስምንተኛዋ በሁለቱ መሀል ገባች። የራሷን ሁኔታ ብቻ ነው የተናገረችው። የምትኖረው ከተማው ዳር ባለ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው። የልጇ ትምህርት ቤት ከወሰኑ ማዶ ነው። ጠዋት ልጁን ለማድረስ ወደዚያ፣ ለሥራ ወደ አራት ኪሎ። ወሰኑ ላይ ወርዳ ሌላ ታክሲ የያዘችባቸው ጊዜያት አሉ። እኔ የየትኛው ጉዳይ ነኝ ብላ 17ን ጠየቀችው። ሰውዬው አልተመለሰም።

የእኔን አስተያየት ለሚፈልግ ይኸው። 16 የተናገረበት ቃና ብዙ ሰው አስቀይሟል። የተናገረው ነገር ግን ከመነሻዬ ጥያቄ የሚቀጥል ነው። ሜክሲኮ የሚሰለፍ የጀሞ ሰው የቂርቆስ ነዋሪ ስላልሆነ መታለፉ ልክ ካልሆነ፣ የሰበታው ሰው ከሌላ አስተዳደር ስለሆነ መታለፉም ልክ ሊሆን አይችልም። የሆቴሉን ወጥ የሚሠራው እሱ ነው። ካልደረሰ ምሳ የለም።

19. አሥራ ዘጠነኛዋ ስለ አትክልት ተራ አነሳች። ፒያሳ የነበረው ገበያ በ2012 በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ ሄደ፤ በ2013 ደግሞ ከጥምቀት በፊት ጃንሜዳን ለቆ ሀይሌ ጋርመንት ገባ። ነጋዴው ስለ ሼዱ ተነጋግሯል። በጉልት የምትቸረችረው ሴት አንድ ኩንታል ድንች ከዚያ አራዳ ድረስ በምን ታምጣው ተብላ የተጠየቀች አይመስላትም። ሃይገሩ አይጭንላትም። በአይሱዙ እንዳታስጭን ጭነቱ ያንሳል። አምስት ስድስት ሆነው ገንዘብ አዋጥተው ነው የሚያስጭኑት። ገበያ ሲዛወር የትራንስፖርት መስመርም አብሮ ይዛወራል፤ ይህን አንድ ላይ የሚያይ የለም ነው ነገሯ።

20. ሃያኛው ሰው አሁን ሽንኩርት ሀይሌ ጋርመንት ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ። ከዚህ ተነስቶ ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ሄደ። ቀይ ሽንኩርት ይሻላል፣ የሐበሻው ይሻላል እየተባለ ረጅም ተጻፈ። ሁሉንም 20 ብዬ ጠቅልዬዋለሁ።

21. ወደ ጉዳያችን የመለሱን አንድ የእድር ዳኛ ናቸው። ጋሼ ብለን እንጠራቸው፤ ስማቸውን አልጻፉም። ረጋ ብለው ነው የጻፉት። በመጀመሪያ ስለ አንበሳ አውቶቡስ ትንሽ አወጉ። በ1930ዎቹ ከጣሊያን በቀሩ ጥቂት መኪኖች መጀመሩን፣ እሳቸው ልጅ ሳሉ ቲኬት ቆራጩ ጠና ያለ ሰው ሲገባ ወጣቱን ያስነሳ እንደነበር። ከዚያ ወደ ነጥባቸው ገቡ።

እድራቸው የተቋቋመው ፒያሳ አካባቢ ነው። ሰፈሩ ሲነሳ አባላቱ ተበተኑ። አንዱ ገላን፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ የካ አባዶ። እድሩ ግን አልፈረሰም። ሰው ሲሞት ዛሬም ከያለበት ይመጣል፤ መዋጮውን ይከፍላል፤ ድንኳኑም ይወጣል። ለቀብር ለመድረስ ስንት ታክሲ እንደሚቀያየር፣ ስንት ብር እንደሚያወጣ እያንዳንዱ አባል ያውቃል። ስለዚህ መዝገባችን ውስጥ መሀል ከተማ ከየት ከየት እንደሚመጣ ሰው በስሙ፣ በሰፈሩ ተጽፎ አለ ይላሉ። ወረዳው ያለው የዛሬ ነዋሪውን መዝገብ ነው። ድሮ የነበረውን አሁን ዳር ካለበት ጋር የሚያገናኝ መዝገብ ያለው እድር ነው። ደግሞም እድር ደባልና ባለቤት አይለይም። መዋጮውን የከፈለ ሁሉ አባል ነው፤ ሲናገርም ይሰማል።

ይህን ሳነብ ገረመኝ። መዝገብ እንደሌለ ነበር የምናወራው። መዝገቡ ግን በሺ እድር ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

22. ሃያ ሁለተኛዋ በአክብሮት ግን ሳትሸሽ ተቃወመች። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እድሩን የሚመሩት ትልልቅ ወንዶች ናቸው አለች። የቤት ሠራተኛዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ መኪና ውስጥ የሚያድረው ረዳት የእድር አባል አይደሉም። ከክፍለ ሀገር ታማሚ ይዞ ጥቁር አንበሳ የመጣ ሰው እድሩ አገሩ ነው። እሱም ግን በዚህ ከተማ ታክሲ ይሳፈራል፤ ያውም ከሁላችንም በባሰ ሁኔታ። እድሩ ይጠየቅ፣ ሰልፉም ይጠየቅ፤ አንዱ የሌላውን አይተካም ብላለች። ጋሼም ልክ ነሽ ልጄ ብለው ተቀበሉ።

23. ሃያ ሦስተኛው ተራ አስከባሪ ነው። አጭር ጻፈ፤ ፊደሉም ይንሻፈፋል፤ ነገሩ ግን ወርቅ ነው። ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ወረቀት አይሞላም። እጁ ላይ ዕቃ አለ፣ ኪሱን ይጠብቃል። በቃል ከጠየቅከው ግን ይነግርሃል፤ ቆሞ ስለሰለቸው ራሱ ይፈልግሃል። ዝናብ ሲዘንብ አትጠይቁ፤ ሰልፉ ይፈርሳል። መኪና ሲመጣም አቁሙ። ደግሞ ከሰልፉ መጨረሻ ጀምሩ እንጂ ከፊት አትጀምሩ፤ የፊተኛው ሊሳፈር ነው፣ ልቡ እዚያ ነው። የሱ ተራ ላይ ማንም መጥቶ ቢጠይቅ እንደሚያስተናግድም ቃል ገብቷል።

24. ሃያ አራተኛው የጥያቄ ረቂቅ አዘጋጅቶ ለጠፈ። ሙሉ ስም፣ ወረዳ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ፣ ከዚያ ጥያቄዎች፣ መጨረሻ ላይ ፊርማ።

25. ሦስተኛዋ፣ የእንጀራ ጋጋሪዋ ልጅ፣ ተመልሳ መጣች። ይህን ወረቀት እናቴ ብታየው ትሸሻለች አለች። ደባል የኖረ ሰው ስሙንና መታወቂያውን በጽሑፍ ሲጠየቅ የሚመጣለት ከቤት መውጣት ነው። ስም ይቅር፣ ፊርማም ይቅር። በምትኩ አራት ነገር ብቻ ይጠየቅ፦ ከየት መጣሽ፣ ወዴት ትሄጃለሽ፣ ስንት መኪና ትቀያይሪያለሽ፣ የሚከብድሽ የቱ ጋ ነው። ስምንተኛዋ ደግሞ አምስተኛ ጥያቄ ጨመረች፦ ይህ ተራ ከዚህ ቢነሳ መምጣት የሚያቅተው የምታውቂው ሰው አለ? ጥያቄዋ ሰልፉ ላይ የሌለውንም ሰው ያመጣል፤ ሳያስቡት የሚቀረውን።

16፣ ያን ያህል ተቆጥቶ የነበረው የሰበታው ሰውዬ፣ አምስቱንም ጥያቄ በኦሮምኛ ጽፎ ለጠፈው። ቀደም ብሎ ስላለው ነገር አንድም ቃል አልጨመረም። 17ም ዝም አለ።

26. ወረዳ የሠራችው አምስተኛዋ የመጨረሻውን ስጋት አነሳች። ስምና ፊርማ የሌለበት ወረቀት ቢሮ ይዛችሁ ብትሄዱ ማንም መዝገብ ላይ አያሰፍረውም፤ ከየትኛው አካል ነው የመጣው ይሏችኋል፤ ማኅተም ይጠይቃሉ። ልምዷ ስለሆነ ማንም አልተከራከራትም።

27. መልስ የሰጡት የእድር ዳኛው ናቸው። እድራቸው የተመዘገበና ማኅተም ያለው መሆኑን ጻፉ። የሰዉ መልስ ስም አልባ ሆኖ በአባሪነት ይያዝ፣ ሸኚ ደብዳቤውን እድሩ በራሱ ስም ይጻፍ፣ እሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ለዚህ የአባላቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ስብሰባቸው እሑድ ነው፤ የተስተካከለው ረቂቅ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት እንዲደርሳቸው ጠይቀዋል፤ በትልልቅ ፊደል ይታተም ብለዋል፣ መነጽር የረሳ አይጠፋም።